ውስጥ ሰው የለም

መጀመሪያ የታየው እጅ ነው። ትልቁ የብረት ጎተራ ውስጥ ያለው የዶሮ መኖ ከታች እየተቀዳ መሃሉ እንደ ጉድጓድ ሲሰረጉድ፣ ግድግዳው ዳር ቆሞ የቀረው ክምር ድንገት ተናደና ከመሰላሉ ሥር የሰው እጅ ብቅ አለ። ጣቶቹ የታችኛውን እርከን እንደጨበጡ ደርቀዋል። በላይኛው በር አንገቱን አስግጎ ይመለከት የነበረው የማሽን ሠራተኛ፣ ሥራ ላይ ማፏጨት ስለማይተው «ፉጨት» የሚሉት ወጣት፣ ያን ዕለት ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«ወንድምጋሼ!» ብሎ ጮኸ።

ሟቹ የጎተራዎቹ ኃላፊ ነበሩ። የፋብሪካው ባለቤት የሆኑት የእትዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እትዬ «ወንድምጋሼ» ሲሏቸው ሠራተኛውም ተቀብሎ በዚያው ጠራቸው። ከትናንት ጀምሮ አልታዩም ነበር። ቢሆንም የፈለጋቸው የለም። የሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር በቅርቡ ለእትዬ ልጅ ስለተሰጠ ሁሉም «አኩርፈው ነው፤ ሲወጣላቸው ይመጣሉ» ብሎ ዝም አለ። አሁን አስከሬኑ ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ሲጋደም፣ ሠራተኞቹ እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ «የት ነዎት?» ብሎ አልደወለላቸውም።

መርማሪዋ የደረሰችው ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ነው። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲያናግራት ዓይን ዓይኑን ሳይሆን እጅ እጁን የምታይ ሴት ናት። መጀመሪያ የተቀበላት ሥራ አስኪያጁ ነበር። ጢሙ የተስተካከለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ትልቅ ሰው ነው፤ ሆኖም ከእናቱ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም «ማሙሽ» ነው የሚለው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «አጎቴ ትናንት ጠዋት ግድግዳ ላይ የተጋገረውን መኖ ሊያራግፍ ገባ። የታችኛውን መክፈቻ ራሱ ከፍቶ ረስቶት ይሆናል። መኖው ሲፈስ ዋጠው። ስንት ጊዜ ‹ተው፣ ዕድሜህ ገፍቷል› ብዬዋለሁ!»

«ነፍሳቸውን ይማረው። መክፈቻውን ራሳቸው ከፍተው ከተዋጡ በኋላ ማን ዘጋው?»

«እ?»

«ዛሬ መኖውን ለመቅዳት ስትሞክሩ መክፈቻው ዝግ ነበር አሉኝ።»

ማሙሽ ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። «ፉጨት ይሆናላ። መክፈቻው የሱ ሥራ ነው። ደግሞ ከአጎቴ ጋር አይዋደዱም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ግቢውን በጩኸት አናውጠውት ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሸራው ሄዳ ተንበረከከች። ሐኪሙ ሥራውን እየጨረሰ ነበር።

«ታፍነው ነው የሞቱት» አላት። «ሌላ የዱላም የስለትም ምልክት የለም። ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው ግን ተጣሟል። እዪው፣ እንደ ዳቦ አብጧል።»

«ሲሞቱ ያበጠ ነው?»

«ከሞት በኋላ የተጎዳ እግር እንዲህ አያብጥም። እግራቸው ከተጎዳ በኋላ ቆይተዋል፤ ደህና አድርገው ነው የቆዩት።»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተኮሳተረ። የሟቹን ቦት ጫማዎች አስወልቃ በጋዜጣ ላይ ገለበጠቻቸው። ቀይ ማሽላ ተንዠቀዠቀ፤ በመካከሉ አልፎ አልፎ ብቻ የበቆሎ ፍሬ ታየ። ቀጥላ የኮታቸውን ኪስና ኮሌታ አራገፈች። ከዚያ የወጣው ደግሞ ጥርስ ጥርስ የሚያህል በቆሎ ነው፤ ማሽላው ለምልክት ያህል ነበር። ሁለቱን ክምሮች ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው።

«አንድ ሰው፣ አንድ ጎተራ» አለች ለራሷ። «እግራቸው ሌላ ቦታ፣ አንገታቸው ሌላ ቦታ የነበሩ ይመስል።»

ፉጨትን ያናገረችው ጆንያ ማከማቻው ውስጥ ነው። ጆንያ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ኋላ ሸሽጓል። ዓይኖቹ በልቅሶ ቀልተዋል።

«ከወንድምጋሼ ጋር ምን ያጣላችሁ ነበር?»

«ማፏጨቴ!» አለ። «‹እህል ፊት አይፏጭም› ይሉኛል። እኔ ደግሞ አልተውም። ማታ ማታ ከሳቸው ጋር እያወጋን ነው ወደ ቤት የምንሄደው፤ እንዲህ ያለ ጠብ ነው።»

«ያ ቀይ ማሽላ ከየት መጣ?»

«አዲስ ነው። ከትናንት ወዲያ ነው የገባው፤ ከበቆሎ ጋር ተቀላቅሎ አንደኛ ጎተራ ብቻ ነው የተጨመረው። እስከዚያ የምንሠራው በነጭ ማሽላ ነበር።»

«ወንድምጋሼ ጎተራ ሲገቡ ለሰው ይናገራሉ?»

«ቆባቸውን ነው የሚያናግሩት» አለ። «መክፈቻው እጀታ ላይ ይሰቅሉታል። ቆቡ እዚያ ካለ፣ እሳቸው ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ንጉሥ ቢያዝ አልከፍትም።»

«ትናንት ቆቡ እዚያ ነበር?»

ፉጨት እግሮቹን ይበልጥ ሰበሰበ።

«የመክፈቻው ቁልፍስ?»

«አንገቴ ላይ ነበር። ሁልጊዜ አንገቴ ላይ ነው» አለ በችኮላ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«የላይኛውን በር ዛሬ ስትከፍት እንዴት አገኘኸው?»

«ተቀርቅሮ።»

«መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

«በውጭ…» ፉጨት ቃሉን ሳይጨርስ አፉን በእጁ ያዘ። ውስጥ ያለ ሰው ከውጭ ሊቀረቅር አይችልም። ይህን ሐሳብ ከጠዋት ጀምሮ ከራሱ ሲደብቀው እንደቆየ ፊቱ ይናገር ነበር።

የእትዬ ሴት ልጅ ባል መሐንዲስ ነው። ሁሉም «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ዎርክሾፑ ውስጥ ብሎን እያነሳ ይጥላል፤ ሥራ ግን አልነበረም። መርማሪዋ ሁለቱን የእህል ከረጢቶች ፊቱ ስታስቀምጥለት ግራ በመጋባት አያት።

«ከአንድ ሰው ነው የወጡት። አስረዳኝ።»

ኢንጂነሩ ማሽላውንና በቆሎውን በጣሳ አደባልቆ በጠረጴዛው ላይ ከፍ አድርጎ አፈሰሰው። እንደ ጉልላት ተከመረ። ጠጋ ብላ አየች። ትንንሾቹ የማሽላ ፍሬዎች በትልልቆቹ መካከል ሾልከው መሃሉ ላይ ቀርተዋል፤ በቆሎዎቹ በቁልቁለቱ ተንከባልለው ዳር ዳር ይዘዋል።

«ማንም አልለያቸውም። ራሳቸው ናቸው የሚለያዩት» አላት። «ጎተራ ውስጥም ይኸው ነው። ከላይ መሃል ላይ ይፈስሳል፤ ደቃቁ መሃል ይቀራል፣ ደንዳናው ግድግዳ ጋ ይሄዳል። ከታች ስትከፍቺው ደግሞ ቀድሞ የሚወርደው መሃሉ ነው። ዳሩ ቆሞ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ደንበኞች ግማሹ ጆንያ ማሽላ ብቻ፣ ግማሹ በቆሎ ብቻ ሆነብን እያሉ የሚመልሱልን። ውስጡ መበተኛ ይሠራለት ብዬ ለማሙሽ ነግሬው ነበር። ‹በገዢዎች ፊት ጎደሎ አለብን ልበል እንዴ?› አለኝ።»

«ሲፈስ መሃሉ ላይ የቆመ ሰውስ?»

«እንደ ውሃ አያንሳፍፈውም። እግሩን ይዞ ወደ መሃል፣ ወደ ታች ነው የሚወስደው።»

«ወንድምጋሼ የተገኙት ግን ግድግዳው ጋ ነው።»

ኢንጂነሩ ቀና አለ። ይህን እስካሁን አላሰበውም ነበር።

«ስለ ትናንቱ ምረቃ ንገረኝ» አለችው።

አዲሱ የመሙያ ማሽን ትናንት ከሰዓት በገዢዎች ፊት ተመርቋል። ቀበቶው እህሉን ተሸክሞ ጎተራው አናት ላይ ይደፋዋል። ምረቃው የታሰበው በሁለተኛው ጎተራ ነበር፤ በመጨረሻ ሰዓት ግን የዚያኛው ቀበቶ ተሰነቀረ፤ ኢንጂነሩም ወደ አንደኛው አዞረው።

«ጎተራው ጋ ወጥቼ አላየሁም» አለ። ድምፁ ወረደ። «እንግዶቹ ቆመው ነበር። ማየት ነበረብኝ። ግን ሕጉ ነውና ጮክ ብዬ ‹ውስጥ ሰው አለ?› ብያለሁ። ‹የለም› የሚል መልስ ሰማሁ።»

«ከማን?»

«የወንድ ድምፅ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ቀበቶውን እያየሁ ነበር። ከዚያ እትዬ ማስነሻውን ተጫኑ። ማሽኑ ሲያጓራ…» መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው። «ሁላችንም አጨበጨብን።»

«ዛሬ መክፈቻውን የከፈታችሁት በማን ቁልፍ ነው?»

«ኮሪደሩ ላይ ካለው የቁልፍ መስቀያ አንስቼ ነው። የወንድምጋሼ የሥራ ቆብም አብሮ ተሰቅሎ ነበር። ለዚህ ነው ቤታቸው የሄዱ የመሰለን።»

እትዬ ቢሯቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከወንድማቸው ጋር ይህን ፋብሪካ ከአንዲት የእጅ ወፍጮ አንስተው ያቆሙ ሴት ናቸው። እንባ አልነበራቸውም።

«እትዬ፣ ኢንጂነሩ ‹ውስጥ ሰው አለ?› ሲል ማን ነው የመለሰለት?»

«አልሰማሁም ልጄ። ጆሮዬ ደክሟል።»

ያኔ ከግቢው ማዶ፣ ከዘበኛው ቤት፣ የስልክ ጥሪ በስሱ ተሰማ። እትዬ «ስልኩን የሚያነሳ ሰው ጠፋ?» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ወዲያው ያደረጉት ገባቸው። መርማሪዋ ተነስታ እጅ ነሳች። ያንን ውሸት መስማት እሷንም አሳፍሯት ነበር።

የማሙሽ ቢሮ ንጹሕ ነው። የምስክር ወረቀቶች በመስታወት ተሰቅለዋል።

«ትናንት ጎተራዎቹ ጋ ወርደው ነበር?»

«እኔ? ኧረ! እንግዳ እየጠበቅኩ በዚያ አቧራ ልግባ?»

መርማሪዋ መደርደሪያውን ስታይ ከአንድ ትልቅ ዋንጫ ጀርባ የተወሸቀ፣ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ አየች። አውጥታ ብርሃን ላይ ያዘችው። በቀይ ማሽላ ተሞልቷል።

«ይሄስ?»

«ናሙና ነው። የድሮ። እዚያ የተረሳ።»

«የድሮ» አለች መርማሪዋ፤ ዕቃውንም ይዛው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የትናንቱ ሪባን ገና ከወንበሮቹ ላይ አልተፈታም፤ ያልተነሱ ብርጭቆዎች ጥግ ላይ ተደርድረዋል። እትዬ በራስጌው፣ ማሙሽ በቀኛቸው፣ ኢንጂነሩ በግራ ተቀመጡ። ፉጨት «ቆሜ እሰማለሁ» ብሎ በሩ አጠገብ ቀረ። አንድ ፖሊስ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃል።

«በእህሉ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «የወንድምጋሼ ጫማ ማሽላ ሞልቶታል። ማሽላ የሚከማቸው ጎተራው መሃል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሃል ላይ ቆመው ሳለ ከታች ተከፈተ፣ እግራቸውንም ሳበው። ቁርጭምጭሚታቸው የተጣመመው ያኔ ነው። ግን አልዋጣቸውም። የከፈተው ሰው ዘጋው። ለምን ይዘጋዋል? ጩኸት ስለሰማ ነው።»

«ግምት ነው» አለ ማሙሽ።

«እሳቸውም እየተጎተቱ ግድግዳው ጋ፣ መሰላሉ ሥር ደረሱ። በተጣመመ እግር መውጣት አልቻሉም። ተቀምጠው ጠበቁ፤ እብጠቱ ይመሰክራል። ኪሳቸውንና ኮሌታቸውን የሞላው በቆሎ ከላይ ፈስሶ፣ ተንከባልሎ ግድግዳ ጋ የደረሰው ነው። ያ የወረደው በምረቃው ጊዜ ነው። እናንተ ስታጨበጭቡ ወንድምጋሼ በሕይወት ነበሩ።»

ኢንጂነሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«እንግዲህ የሚፈለገው ከታች የከፈተው ሰው ነው። ቁልፉ የፉጨት ነው ተብሏል።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው!» አለ ማሙሽ።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ። «ፉጨት፣ ቁልፉ አንገትህ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ኢንጂነሩ ከመስቀያው አያነሳውም ነበር። ለማን ሰጠኸው?»

ፉጨት አንገቱን ደፋ። ሁሉም እግሮቹን አዩ፤ የግራ ጫማው አፉን ከፍቶ ጣቶቹ ይታያሉ።

«ማሙሽ ተቀበለኝ» አለ በመጨረሻ። «‹በዚህ ጫማ እንግዳ እንዳያይህ፤ እስኪሄዱ ጆንያ ቤት ቆይ፣ ቁልፉን አምጣ› አለኝ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተደብቄ ዋልኩ። ይህን ከምናገር ገዳይ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው፤ ነውር መስሎኝ ነው። ወጥቼ ቢሆን ድምፃቸውን እሰማ ነበር።»

«ነውሩ ያንተ አይደለም» አለችውና የመስታወቱን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቀይ ማሽላ ከትናንት ወዲያ ገባ፤ አንደኛ ጎተራ ብቻ ተጨመረ። አቶ ማሙሽ፣ ለገዢዎቹ የሚያሳዩት ናሙና ፈለጉ። ቆቡን ከእጀታው አነሱ፣ ከፈቱ። የወጣው ማሽላ ብቻ ሆነ። ደንበኞች የሚከሱት ያው ጎደሎ! ዕቃውን ሊያሳዩት አፈሩ፤ ደብቀውታል። ግን ቶሎ አልዘጉትም። በቆሎው ይመጣል ብለው ጠበቁ። በጠበቁ ቁጥር አጎትዎን መሃሉ እየዋጣቸው ነበር።»

ማሙሽ የእናቱን ፊት ለማየት ሞከረና አልቻለም።

«ወጥቶ የሄደ መስሎኝ ነው» አለ። «ቆቡን ሁልጊዜ ይረሳዋል… ጩኸቱን ስሰማ ወዲያው ዘጋሁት። ላይ ወጥቼ አየሁት፤ ደህና ነበር! ተቀምጦ ይሳደባል። ‹ና አውጣኝ፣ አንተ ሥራ አስኪያጅ ተብዬ! ዛሬ በእንግዶችህ ፊት ነው የምነግርህ› አለኝ። ያኔ መኪናዎቹ በር ላይ ደረሱ። በዚያ ሁኔታ ቢያዩት ምን ይሉናል? ‹ትንሽ ታገሠኝ፣ ሸኝቼያቸው አወጣሃለሁ› አልኩት። ምረቃው ሁለተኛው ላይ ነበር። እምላለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ነበር።»

«በሩንም ቀረቀሩት።»

«ድምፁ እንዳይሰማ።»

«ከዚያ ምረቃው ወደ አንደኛው ዞረ። እርስዎ ማስነሻው አጠገብ ቆመዋል። ‹ውስጥ ሰው አለ?› ተብሎ ተጠየቀ።»

ማሙሽ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። መርማሪዋ ወደ እትዬ ዞራ ተመለከተች፤ ቀጥላ ልትናገር የነበረውን ተወችው። ማስነሻውን የተጫነው እጅ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያንን ጮክ ብሎ የሚናገር ከመካከላቸው አልተገኘም።

የተናገሩት እትዬ ራሳቸው ናቸው።

«‹የለም› ያልከው አንተ ነህ» አሉ። «ጆሮዬ ሥር ነው ያልከው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ይጮህብኛል። ይህችን ልጅ ‹አልሰማሁም› ብዬ ዋሸኋት፤ በዚህ ዕድሜዬ።»

«እማዬ፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚፈስሰው ብዬ… አንቺ እኮ ወዲያው የምታጠፊው መስሎኝ…»

«ሲያጨበጭቡ ደስ አለኝ። አላጠፋሁትም» አሉ። «ወንድሜ በሕይወት እያለ በገዛ እጄ ቀበርኩት፤ አንተ ደግሞ አጠገቤ ቆመህ ፈገግ ትል ነበር። አንድ ቃል አቃተህ?»

«አፈርኩ» አለ ማሙሽ። «በሰው ፊት… አፈርኩ» አለና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

ኢንጂነሩ ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ ጠረጴዛውን ያያል። መርማሪዋ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሥራዋ አልቆ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከፈታች በኋላ ማንንም ቀና ብላ ማየት ትቸገራለች።

ፖሊሱ ሲገባ ማሙሽ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለ። ከግቢው የሠራተኞቹ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ሥራ አቁመው ከደረጃው ሥር ተሰብስበዋል።

«እባክሽን» አላት በሹክሹክታ። «የጓሮ በር አለ። በዚያ ውሰዱኝ። ሁሉም ሳያየኝ።»

መርማሪዋ ለመመለስ አፏን ከመክፈቷ በፊት እትዬ ተነሱ። ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ መጥተውም የልጃቸውን ክንድ ያዙ፤ ከፖሊሱ ይልቅ እሳቸው አጠበቁት።

«በፊት ለፊቱ በር ነው የምንወጣው» አሉት። «እኔም አብሬህ አለሁ። ቀና በል።»

ፉጨት በሩን ከፈተላቸው። ደረጃው አናት ላይ ሲደርሱ ግቢው ጸጥ አለ። ማሙሽ አንገቱን ደፋ፤ እትዬ ግን እያንዳንዱን ሠራተኛ ፊት ለፊት እያዩ፣ በየእርከኑ ጥቂት እየቆሙ፣ ልጃቸውን ይዘው ወረዱ።